መኪናው ከማዶ ነው፤ ወረቀቱስ?

ሰሞኑን ወደዚህ ዓምድ የሚመጣው ደብዳቤ አብዛኛው ስለ መኪና ነው። አንዱ መኪና ሱዳን፣ ገዳሪፍ ቆሟል፤ አንዱ ዱባይ፤ አንዱ ደግሞ ቡፋሎ የምትባል የአሜሪካ ከተማ። ለአዲስ አንባቢዎች ለመተዋወቅ ያህል፣ እኔ እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ትንሽ ቢሮ ያለችኝ ትራንዚተር፣ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ የማስለቅቅ ነኝ። ፀጉሬ የሸበተው ዲክላራሲዮን፣ የጉምሩኩን የዕቃ ማስታወቂያ ቅጽ፣ ስሞላ ነው። የሱዳኑን በር መተማንም የጅቡቲውን በር ጋላፊንም አውቃቸዋለሁ፤ ከነሙቀታቸው።

ጠያቂዎቼን ሁሉ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። መጀመሪያ መኪናውን ያያሉ። ቀለሙን ይወዱታል፣ ዋጋውን ይወዱታል፣ ፎቶውን ለዘመድ ይልካሉ። "ለመሆኑ በየት በኩል ይገባል?" የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ የምለው ተገላቢጦሹን ነው። መጀመሪያ የሚገባበትን በር ጠይቁ፤ ሻጩ የትም አይሄድም። መኪና ከቅዳሜ ገበያ እንደተገዛ በግ ጎትተው የሚወስዱት ነገር አይደለም። ወረቀቱ ካልሄደ እሱም አይሄድም።

በሉ ወደ ደብዳቤዎቹ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዘዞ ነው። የባለቤቴ ወንድም ገዳሪፍ ብዙ ዘመን ኖሯል፤ አሁን ጠቅልሎ ሊመጣ ነው። በፈረንጆቹ የ2012 ሞዴል የሆነች ሂዩንዳይ አክሰንት አለችው። እዚህ ጎንደር ለእንዲህ ያለች መኪና ከሚጠሩት ዋጋ በሲሶው ልስጥህ ብሎኛል። አንድ የመተማ ደላላ ደግሞ "አንተ ብሩን ብቻ አዘጋጅ፤ የታርጋው ነገር እኔ ጋ ነው" ይለኛል። ልጆቼን በባጃጅ ትምህርት ቤት ማመላለስ ሰልችቶኛል። ምን ይመክሩኛል?
የሦስት ልጆች አባት፣ አዘዞ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይግዟት። እንዲህ በአንድ ቃል መመለስ አልወድም፤ ግን ያዘኑ እንደሆነ አሁን ይዘኑ፤ ብሩ ከእጅዎ ሳይወጣ።

ከክልከላው ልጀምር። በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ ካልሆኑ በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንደማይገቡ አስታውቋል። አክሰንት ቤንዚን የምትጠጣ የቤት መኪና ናት። ስለዚህ መተማ ጉምሩክ ሄደው "የሚፈለግብኝን ልክፈል" ቢሉ የሚቀበልዎ መስኮት የለም። ይህን ስናገር የሚቆጣኝ ብዙ ነው። "ቀረጡን እስከከፈልኩ ድረስ ምን አገባቸው?" ይለኛል። ቀረጥ የሚከፈለው ለተፈቀደ ዕቃ ነው። ለተከለከለ ዕቃ ተከፍሎ የሚያልቅ ቀረጥ የለም።

እሺ፣ ክልከላው ባይኖር ኖሮስ? ያኔም ቢሆን አልመክርዎትም ነበር። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ፣ ቁጥሩ 1186፣ አሮጌ መኪና ላይ ጨካኝ ነው። ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። ስሌቱን እዩት። መኪናዋ ከነማጓጓዣዋ 200 ሺህ ብር ተገመተች እንበል። የጉምሩክ ቀረጡን በ35 በመቶ ብንይዘው 270 ሺህ ትሆናለች። ኤክሳይሱ የሚሰላው በ270 ሺው ላይ ነው እንጂ በ200 ሺው ላይ አይደለም። በ400 በመቶ ብቻ ብናሰላው 1 ሚሊዮን 80 ሺህ ብር ይጨመራል። ከዚያ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ (ቫት) በድምሩ ላይ ይመጣል። ከዚያ 10 በመቶ ሱር ታክስ፣ እሱም ቫቱ ከተደመረ በኋላ። መጨረሻ ላይ 1 ሚሊዮን 700 ሺህ ብር አልፏል። ሰው "ቀረጡ ስንት ፐርሰንት ነው?" ብሎ ይጠይቅና አንድ ቁጥር ሰምቶ ይሄዳል። አንድ ቁጥር የሚባል ነገር የለም። እያንዳንዱ ታክስ የሚሰላው ከፊቱ ያለው ከተደመረ በኋላ ነው።

ደግሞስ 200 ሺህ ብር ነው የገዛሁት ሲሉ ማን ያምንዎታል? ሻጭና ገዢ ዘመዳሞች ከሆኑ ጉምሩክ ዋጋውን ይጠራጠራል። ዝምድናው ዋጋውን አሳንሶታል ብሎ ካመነ የራሱን ግምት ይወስዳል። የአማች ዋጋ ለአማች ነው።

ሦስተኛው ነገር ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። በሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ካርቱም ላይ ሲጀመር ከቤትና ከሱቅ ጋር መኪናም በብዛት ተዘርፏል። የተዘረፈው ደግሞ እዚያው አልቀረም፤ ድንበር እየተሻገረ በየጎረቤት አገሩ ተቸብችቧል። የባለቤትዎ ወንድም ሐቀኛ ሰው እንደሚሆን አልጠራጠርም። ግን እሱስ መኪናዋን ከማን ገዛት? መቼ? በስሙ የተመዘገበችው ከጦርነቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ባለቤቷ ካርቱም እያለቀሰ ያለች መኪና አዘዞ ብትቆም ደስ አይልም።

አሁን ወደ ደላላው። "ታርጋው እኔ ጋ ነው" ማለት ምን ማለት እንደሆነ ልንገርዎ። መኪና ሊብሬ የሚወጣለት የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ሲኖረው ነው። ዲክላራሲዮን ከሌለ መንገድ ትራንስፖርት አይመዘግበውም። ስለዚህ ደላላው የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው። የተገለበጠ ወይም የተቃጠለ ተመሳሳይ መኪና ሊብሬ ይፈልጋል። ከዚያ የእርስዎ መኪና ሻንሲ ቁጥር፣ ፋብሪካው ብረቱ ላይ የመታው መለያ፣ ይፋቅና የሟቹ ቁጥር ይመታበታል። እርስዎም በሞተ መኪና ስም ይነዳሉ። የዓመቱ ቦሎ ሲደርስ፣ ወይም ሸጠው ስም ሲያዛውሩ ይያዛል። ደላላው ያን ጊዜ ስልኩ ዝግ ነው። በጉምሩክ አዋጁ ኮንትሮባንድ መወረስ ብቻ አይደለም፤ እስራትም አለው። መኪናዋን ይዞ የተገኘው ሰው ደግሞ እርስዎ ነዎት።

እግረ መንገዴን፣ ይህ ከየትም ለሚገዛ ያገለገለ መኪና ይጠቅማል። ሻንሲ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ 17 ፊደልና አኃዝ ነው። አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት በውስጡ ፈጽሞ የሉም፤ ከአንድና ከዜሮ ጋር እንዳይምታቱ ተብለው የተተዉ ናቸው። ከሦስቱ አንዱን ካያችሁ ጫማችሁን አንሱ። ቁጥሩ የሚገኘው ከአንድ በላይ ቦታ ነው፤ ከፊት መስታወቱ ሥር፣ በሾፌሩ በር ጎን፣ በመኪናው ብረት ላይ። ሁሉም አንድ መሆን አለባቸው። ብረቱ ላይ ያለውን በጣታችሁ ዳሱት። ፋብሪካ የመታው ቁጥር ጥልቀቱም ርቀቱም እኩል ነው። በመዶሻ የተመታው ይንሻፈፋል። ዙሪያው አዲስ ቀለም ከተቀባ ደግሞ ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

"የሱዳን ታርጋ የለጠፈ መኪና ጎንደር ውስጥ ሲነዳ አይቻለሁ" ይሉኝ ይሆናል። ሕጋዊው በጊዜያዊነት የገባ ነው። ቀን ተቆርጦለት፣ ተመልሶ ሊወጣ ዋስትና ተይዞበት። ያ መኪና እዚህ ለሚኖር ሰው አይሸጥም። የሚሸጥልዎ ካገኙ የሚሸጥልዎ ጣጣውን ነው።

ምክሬ ይሄ ነው። ወንድምየው እዚያው ይሽጣት። ገንዘቡን ይዞ ሲገባ መተማ ላይ ያስመዝግብ። በዚያ ላይ ጨምራችሁ እዚሁ ሊብሬዋ የጠራ አሮጌ መኪና ግዙ። ውድ ናት፤ አውቃለሁ። ግን የእርስዎ ናት ሲሉዎ የእርስዎ ናት ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለእትዬ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ እዚሁ ጎንደር ማራኪ ሰፈር ነው የምኖረው። ልጄ ዱባይ ሠርታ የኤሌክትሪክ መኪና ካልላክሁልህ ብላለች። እምቢ ብል ታዝንብኛለች። መኪናው በማን ስም ይምጣ? ስንት ይከፈልበታል? ደግሞስ ይህ የባትሪ ነገር የጎንደርን ዳገት ይችለዋል?
መምህሩ፣ ማራኪ

መልስ፦ መምህር፣ ልጅዎን ይባርክልዎ። እምቢ አይበሏት። ግን ብሩን ለሻጩ ከመስጠቷ በፊት ይህን ደብዳቤ ፎቶ አንስተው ይላኩላት።

በማን ስም ለሚለው፣ የመርከቡ ሰነድ፣ ቢል ኦፍ ሎዲንግ የሚሉት፣ ተቀባይ ብሎ የጻፈው ሰው ነው ከጉምሩክ ጋር የሚነጋገረው። እርስዎ ከሆኑ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያስፈልግዎታል። ከዚህ ይልቅ ሰው የሚያጉላላው የስም አጻጻፍ ነው። የእኛ ስም በላቲን ፊደል በአሥር ዓይነት ይጻፋል። መታወቂያዎ ላይ በአንድ ኤስ፣ የመርከቡ ሰነድ ላይ በሁለት ኤስ ከሆነ፣ ሁለት ሰው ነዎት። ሰነዱን ለማሳረም ዱባይ ድረስ መጻጻፍ ይመጣል፤ መኪናው በዚህ መሀል ጅቡቲ ወደብ ላይ በየቀኑ ኪራይ ይቆጥራል። ስለዚህ የመታወቂያዎን ፎቶ ይላኩላትና ፊደል በፊደል ትገልብጠው። ከአባት ስም አልፎ እስከ አያት።

ሁለተኛው ጥያቄ እርስዎ ያልጠየቁኝ ነው፤ ገንዘቡ በየት በኩል ወጣ? መኪናው የሚገዛው በኢትዮጵያ ባንክ በተፈቀደ የውጭ ምንዛሪ ነው ወይስ ልጅዎ እዚያ ባፈራችው ገንዘብ? ሁለተኛው ፍራንኮ ቫሉታ ይባላል። የፍራንኮ ቫሉታ መመሪያ ደግሞ በየጊዜው ሲጠብና ሲሰፋ የኖረ ነው። አምና ጎረቤትዎ ያስገባበት መንገድ ዘንድሮ ዝግ ሊሆን ይችላል። ባንክና ጉምሩክ ሄደው ለእርስዎ ጉዳይ የሚሠራውን መልስ በጽሑፍ ይያዙ። "ምንም ችግር የለውም" የሚለው የስልክ መልስ ጋላፊ ላይ አይታይም።

ክፍያውን በተመለከተ፣ በፈረንጆቹ 2022 የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከኤክሳይስ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ ሲያደርግ ተገጣጥሞ ለሚገባው የጉምሩክ ቀረጥ 15 በመቶ ብቻ ነበር ያስቀረው። ግዢው ከመፈጸሙ በፊት በዚያ ሳምንት የሚሠራበትን ታሪፍ ጉምሩክ ያስዩ፤ የታክስ ማበረታቻ የሚኖረው እስኪነሳ ድረስ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። መኪናው፣ የመርከቡ ጭነትና ኢንሹራንሱ ተደምሮ 20 ሺህ ዶላር ከሆነ፣ 15 በመቶው 3 ሺህ ዶላር ነው። የሚከፍሉት ግን በብር ነው፤ በዕለቱ ምንዛሪ። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመራ ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ 100 አለፈ። ያኔ መኪናቸው መርከብ ላይ የነበረ ሰዎች ቀረጣቸው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ትርፍ ብር መያዝ ይበጃል ማለቴ ነው።

መንገዱ እንዲህ ነው። ከጀበል አሊ ወደብ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በጋላፊ በኩል፣ ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ ሞጆ ደረቅ ወደብ። ሰነዱ ከመኪናው ቀድሞ እጅዎ ይግባ፦ የግዢው ደረሰኝ፣ የመርከቡ ሰነድ፣ የስሪት አገር ምስክር ወረቀት፣ ኢንሹራንሱ፣ ዱባይ የምትሰጠው የኤክስፖርት ሰርተፊኬት። ለአገር ውስጥ ክፍሉ ትራንዚተር ይያዙ። ይህን የምለው እንጀራዬ ስለሆነ ነው ይሉኝ ይሆናል፤ እውነትም ነው።

አሁን ወደ መኪናው ራሱ። ዱባይ ላይ እጅግ ርካሽ የሆኑት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙውን ጊዜ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። ሁለት ነገር ይከተላቸዋል። አንደኛ፣ ስክሪኑ ቻይንኛ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛና ዋናው የቻርጅ ሶኬታቸው ነው። የቻይናው ጂቢ-ቲ የሚባል ነው፤ ለአውሮፓ የተሠራው ደግሞ ሲሲኤስ-2። ሁለቱ አይገጣጠሙም። ልጅዎ የሶኬቱን ፎቶ ትላክልዎ፤ እርስዎም ከተማ ውስጥ ቻርጅ የሚያደርጉበት ቦታ የትኛው እንዳለው አይተው ይንገሯት። ያገለገለ ከሆነ የባትሪውን የጤንነት ሪፖርት ትጠይቅ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አይመኑ፤ በኤሌክትሪክ መኪና ገንዘቡ ያለው ባትሪው ላይ ነው።

ዳገቱን አይፍሩት። ኤሌክትሪክ ሞተር ዳገት ላይ ከቤንዚኑ ይሻላል፤ ጉልበቱን ከመነሻው ይሰጣል። እንዲያውም እኛ ጎንደሬዎች ከፍታ ላይ የለመድነው የሞተር መታፈን እሱ ላይ የለም፤ አየር አይፈልግማ። ዳገቱ ባትሪ ይበላል፤ ቁልቁለቱ ደግሞ የተወሰነውን ይመልሳል። ፍሬኑን ከመርገጥ ይልቅ እግርን ከነዳጁ ማንሳት (ነዳጅ አልኩ፤ ልማድ ነው) ጉልበቱን ወደ ባትሪው ይመልሰዋል። ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 400 ኪሎ ሜትር ይሄዳል የተባለ መኪና ያለ ሐሳብ ያደርስዎታል፤ ለመመለስ ግን እዚያ ቻርጅ ያስፈልጋል።

ቤት ውስጥ በተራ ሶኬት፣ በ220 ቮልትና በ10 አምፔር፣ በሰዓት 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይገባለታል። ማታ ሁለት ሰዓት ሰክተው ንጋት ላይ ቢነቅሉት ከ20 በላይ አግኝቷል። ይህ እንደ መኪናው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዳል። ለማራኪና ለፒያሳ ምልልስ ይተርፋል። መብራት የጠፋ ለታ ምን ይደረጋል ቢሉኝ፣ እንደ ጎረቤቱ ሁሉ ቤት መቀመጥ ነው። ዋናው ነገር ግን የቤትዎ መስመር ግራውንድ ይኑረው። አሮጌ ቤት ከሆነ መኪናው ሳይመጣ ኤሌክትሪሺያን ያስገቡ። ከሞጆም እየነዱ አያምጡት፤ በመኪና ላይ ያስጭኑት። 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሀሉ ላይ ደግሞ የዓባይ በረሃ አለ። አዲስ መኪና የመጀመሪያ ፈተናው ጎሐ ጽዮንና ደጀን መሆን የለበትም።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ፤ አሁን የምኖረው ቶሮንቶ ነው። ቡፋሎ፣ አሜሪካ፣ አንድ ያገለገለ ቶዮታ ራቭ-4 ከእኛ ሰፈር በጣም ረክሶ አየሁ። ድንበሩ ሁለት ሰዓት መንገድ አይሞላም። ቅዳሜ ሄጄ እየነዳሁ ልመለስ አስቤያለሁ። እናቴ "መጀመሪያ እትዬን ጠይቅ" አለችኝ።
የእናቱ ልጅ፣ ቶሮንቶ

መልስ፦ እናትህን ሳምልኝ። ቅዳሜ ሄደህ ቅዳሜ አትመለስም።

አሜሪካ መኪና ሲገባባት ብቻ ሳይሆን ሲወጣባትም ታያለች። የባለቤትነት ወረቀቱ፣ ታይትል የሚሉት፣ መኪናው ድንበር ከመድረሱ ቢያንስ 72 ሰዓት ቀድሞ ለአሜሪካ ጉምሩክ መቅረብ አለበት። የተሰረቀ መኪና እንዳይወጣ ነው። የኤክስፖርት ምዝገባ ቁጥሩንም አውጥተህ ያዝ። በካናዳ በኩል ደግሞ መኪናው ከ15 ዓመት በታች ከሆነ ከውጭ የገቡ ተሽከርካሪዎች መዝጋቢው ዘንድ ይመዘገባል። አምራቹ መኪናው ጉድለት ተገኝቶ በፋብሪካው ተጠርቶ ያልተሠራለት ጥገና እንደሌለበት የጻፈውን ደብዳቤ ይፈልጋሉ። ከዚያ በ45 ቀን ውስጥ ምርመራ ማለፍ አለበት። ከመግዛትህ በፊት ያ ሞዴል ወደ ካናዳ መግባት ከሚችሉት ዝርዝር ውስጥ መኖሩን እይ።

ገንዘቡስ? ድንበር ላይ 5 በመቶ ጂኤስቲ የሚሉት የፌዴራሉ የሽያጭ ታክስ፣ ኦንታሪዮ ታርጋ ስታወጣ ሌላ 8 በመቶ። የሰሜን አሜሪካ ስሪት ካልሆነ 6.1 በመቶ ቀረጥ አለ። አሜሪካ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ካናዳ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ያወጣችው 25 በመቶ የአጸፋ ቀረጥ አለና ስትገዛ ይመለከትህ እንደሆነ አረጋግጥ። የት እንደተሠራ ሻጩን አትጠይቅ፤ ሻንሲ ቁጥሩን እይ። በ1፣ በ4 ወይም በ5 ከጀመረ አሜሪካ ነው፤ በ2 ከጀመረ ካናዳ፤ በ3 ሜክሲኮ፤ በላቲኑ ፊደል ጄ ከጀመረ ጃፓን። ራቭ-4 ከአንድ አገር በላይ ስለሚሠራ ሁለት ጎን ለጎን የቆሙ ተመሳሳይ መኪኖች ቀረጣቸው ሊለያይ ይችላል። ይህን ሁሉ ደምረህ አሁንም ከረከሰህ ግዛው። የአሜሪካና የካናዳ ዶላርም አንድ አይደለም፤ ይህን እናትህ አታውቅም ብዬ ነው የምነግርህ፤ አንተ ታውቃለህ።

ጥያቄ፦ ባንክ ነው የምሠራው። አንድ ሰው ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና በጥሩ ዋጋ ልሽጥልሽ ይለኛል። "ውክልና እሰጥሻለሁ፣ ስሙን በኋላ እናዞራለን" አለኝ። ችግር አለው?
ግራ የተጋባች፣ ፒያሳ

መልስ፦ አለው። ከቀረጥ ነፃ የተሰጠው ለመኪናው አይደለም፤ ለሰውየው ወይም ለድርጅቱ ነው። መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጥና ታክሱ ይከፈላል፤ ሳይከፈል ስም አይዞርም። "በኋላ" የሚለው ቀን የሚመጣው ቀረጡን አንቺ ስትከፍዪ ነው። በውክልና እየነዳሽ ሰውየው ቢሞት ውክልናው አብሮት ይሞታል። ወራሾቹ መጥተው መኪናችንን ቢሉሽ ምን ትያቸዋለሽ? መጀመሪያ እሱ ጉምሩክ ሄዶ ይጨርስ፤ አንቺ የጸዳ ሊብሬ ስታዪ ክፈዪ።

ጥያቄ፦ አራት ጓደኛሞች ነን። መኪና ለመግዛት ሳይሆን ያለንን የኢትዮጵያ ታርጋ መኪና ይዘን በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ለሠርግ ልንሄድ ነው። ምን ያስፈልገናል?
ሚዜዎቹ፣ ጎንደር

መልስ፦ እንኳን ደስ ያላችሁ። ከዚህ አዲስ አበባ 730 ኪሎ ሜትር፣ ከአዲስ አበባ ሞያሌ ደግሞ ያንኑ ያህል ነውና ከሠርጉ በፊት ወገባችሁን አስቡበት። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ፤ የኛንም መንገድ ጭምር።

ሊብሬው ከእናንተ ያንዱ ስም ላይ ይሁን። የሌላ ሰው ከሆነ መኪናው ከአገር እንዲወጣ በግልጽ የሚፈቅድ የተረጋገጠ ውክልና ያዙ፤ የእንግሊዝኛ ትርጉሙን ጨምሮ። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ አውጡ። ኢንሹራንሳችሁ ጋ ሄዳችሁ የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ ጠይቁ። ኬንያ ላይ በሦስተኛ ወገን ላይ ለምታደርሱት ጉዳት የሚሠራው እሱ ነው፤ ጅቡቲም ሱዳንም ያገለግላል። የራሳችሁን መኪና ጉዳት ግን አይሸፍንም። ሙሉ ኢንሹራንስ ካላችሁ ኬንያን እንዲጨምር ለብቻው አስጽፉ።

ሞያሌ ላይ የሁለቱ አገሮች ሠራተኞች በአንድ ግቢ የሚሠሩበት የጋራ ኬላ አለ። በእኛ በኩል መኪናው በጊዜያዊነት የወጣ መሆኑን አስመዝግቡ። ይህ ካልተደረገ ስትመለሱ ራሳችሁ የነዳችሁት መኪና ከውጭ እንደገባ ሊቆጠር ይችላል። በኬንያ በኩል ጊዜያዊ መግቢያ ይሰጧችኋል፤ ቀኑ ሲያልቅ ቅጣት አለውና ሠርጉ ቢደምቅም ቀኑን አትርሱ።

ኬንያ የሚነዳው በግራ ነው፤ የእናንተ መሪ ደግሞ በግራ ነው። ስለዚህ ሾፌሩ ከጭነት መኪና ኋላ ሆኖ ከፊት የሚመጣውን አያይም። ለመቅደም ሲፈልግ የሚያይለት ከጎኑ የተቀመጠው ነው። እዚያ ወንበር ላይ እንቅልፋሙን አታስቀምጡ።